የሐጂ ደብተር

ባለፈው ክረምት ከቤቴ እስከ ስፌት ቤቴ የአምስት ደቂቃውን መንገድ ሃያ ደቂቃ እሄደው ነበር። ምክንያቱ ሐጂ ናቸው። ሱቃቸው መታጠፊያው ላይ ነው፤ የዱቤ ደብተራቸው ውስጥ ደግሞ እኔ አለሁ። 4,860 ብር። ስለዚህ በታች በኩል፣ በጭቃው ዞሬ እመጣለሁ። የደሴን የሐምሌ ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ቀን ጫማዬን ውጦት በካልሲ ቆሜያለሁ።

ሐጂ አንድም ቀን "ክፈይ" ብለውኝ አያውቁም። እሱ ነው የባሰው።

ባለቤቴ ኮምቦልቻ ነበር የሚሠራው። ጠዋት በሚኒባስ ይወርዳል፣ የሐረጎን ቁልቁለት ሲጨርስ ጃኬቱን ያወልቃል፣ ማታ ሲመለስ ደሴ ብርድ ስለሆነች መልሶ ይለብሰዋል። ግንቦት ላይ ድርጅቱ ሠራተኛ ቀነሰ። ጃኬቱ ምስማር ላይ ቀረ።

የእኔ ሥራ ደግሞ ክረምት ላይ ይሞታል። ልብስ ሰፊ ገንዘብ የሚያየው የተማሪ ዩኒፎርም ሲመጣ ነው። እስከዚያ ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ክሩም ዚፑም ተወደደ። ደንበኛው ግን ማሳጠሪያ የሚከፍለው የድሮውን ነው። ጨምር ካልሽው ሱሪውን አጥፎ ይለብሰዋል።

አሁን ወደሚያሳፍረው ልምጣ።

ግቢያችን አራት ቤት ነው፣ ቆጣሪው አንድ። የመብራቱን መዋጮ የምሰበስበው እኔ ነኝ። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለነበር፣ ያንኑ አምፖል እያበራን ሒሳቡ ይወፍራል። አልዋሽም፣ የሰኔን መዋጮ ተቀብዬ ዱቄት ገዛሁበት። የሚቀጥለውን ስቀበል እሞላዋለሁ ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ዘይት አለቀ።

ነሐሴ ላይ፣ ግቢው ሰው ባልነበረበት ሰዓት፣ መጥተው ቆረጡት። ማታ ሁሉም "መብራት ሄደ" አለ። እኔም "ሄደ" አልኩ። መብራት መሄድ ለእኛ ምን ብርቅ ነው? ሻማ አበራን። የግቢያችን ትልቅ ሰው፣ እማማ፣ በር ላይ ቆመው ወደ ውጭ ያያሉ።

"የማዶው በርቷል እኮ፣ ልጄ።"

ምን ይባላል? እዚያው በረንዳው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ዱቄቱንም ዘይቱንም ነገርኳቸው። እማማ አልተቆጡም። አንዷ ጎረቤቴ ግን ተቆጣች፣ ልክ ነበረች፤ እስከ አሁንም ሰላምታዋ ቀዝቀዝ ያለ ነው። እማማ "አብሽሪ" ብለው ከሰል አያያዙ፣ ቡና ተፈላ። በጨለማ የተጠጣ ቡና ነው።

በዚያ ሁሉ መሀል እቁቤን አላቋረጥኩም ነበር። በሳምንት 200 ብር። ባለቤቴ "በዱቤ እየበላሽ እቁብ?" ይለኝ ነበር። መብራቱ በተቆረጠ ማግሥት የእቁቡን ዳኛ ሄጄ ለመንኩ። ዕጣው የደረሳት ሴት ተራዋን ለቀቀችልኝ። ቆጣሪው በሦስተኛው ቀን ተቀጠለ። እስከዚያ በከሰል ካውያ ነው የተኮስኩት።

አንዴ ከተዋረድኩ አይቀር ብዬ ሐጂም ጋ ሄድኩ፣ በቀጥታው መንገድ። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ሳልጀምር፦

"ልጄ፣ መንገድ ስትቀይሪ ሌላ ሱቅ የያዝሽ መስሎኝ ተቀይሜሽ ነበር" አሉኝ።

ደብተሩን ከፈቱ። በሳምንት 300 ልከፍል፣ የሦስት የልጅ ልጆቻቸውንም ዩኒፎርም ሰፍቼ ከሒሳቡ ልንቀንስ ተስማማን። ድምሩ ላይ የ60 ብር ስህተት አገኘሁ። ሰርዘው አስተካከሉት።

ባለቤቴ አሁን የሰው ባጃጅ ይነዳል። ጃኬቱን ከምስማሩ አውርዶታል። ደብተሩ ላይ የቀረኝ 1,340 ብር ነው። ትናንት የሐጂ ትንሿ የልጅ ልጅ ቀሚሷ አጥሯት መጣች። ለእድገቷ ብዬ ጫፉን ሰፊ አድርጌ አጥፌው ስለነበር ፈታሁት፣ ሁለት ጣት ወረደላት።