አዲሱ ስልኬና አሞራ ገደል

ከትናንት ጀምሮ ኢንተርኔት ያለው ስልክ አለኝ። እስካሁን የያዝኩት ባለ ቁልፍ ነበር፤ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ቀናት ይቆያል። ይሄኛው ግን በየማታው ቻርጅ ይፈልጋል።

የገዛሁት 1 ጊጋባይት ፓኬጅ ማታውኑ አለቀ። ምንም ሳልከፍት! የእህቴ ልጅ አየችና "አጎቴ፣ አፖቹ ራሳቸውን አፕዴት እያደረጉ ነው የበሉብህ" አለችኝ። በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን አስተካከለችልኝ። አዲስ ስልክ የገዛችሁ፣ መጀመሪያ እሱን አድርጉ።

ዛሬ ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድኩ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ያራግፋሉ፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ከበዋቸዋል። ዲላ ላለችው እናቴ በጎረቤቷ ስልክ በቪዲዮ ደወልኩላት። ሐይቁን ሳሳያት ዝም አለች። ሐዋሳን ካየች 11 ዓመቷ ነው።

"ልጄ፣ እስቲ ወደ ፍቅር ሐይቅ አዙረው" አለችኝ። ስልኩን ቀስ ብዬ ወደዚያኛው የሐይቁ ዳርቻ አዞርኩላት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።