ካሊኮ፦ የብር ማዕድኑ መሬት ውስጥ እያለ የተዘጋችው ከተማ

ከሎስ አንጀለስ ወደ ላስ ቬጋስ በነዳሁ ቁጥር ባርስቶው የምትባለውን ከተማ ካለፍኩ በኋላ ተራራው ላይ በትልልቅ ነጭ ፊደል የተጻፈውን ካሊኮ የሚል ስም አየው ነበር፣ ዘንድሮ ሆን ብዬ ባርስቶው አደርኩና ጠዋት ወጣሁ። አዳሩ መከራ ነበር። የሞቴሉ ኤሲ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ፣ ሳጠፋው ደግሞ በሙቀቱ ስገላበጥ ነጋ፣ ይባስ ብሎ ስወጣ ማንም ያልነገረኝን የፓርኪንግ ሂሳብ ጨምረው ጠበቁኝ፣ ተከራክሬ አስቀነስኩት።

መንገዱ ላይ የሚወራ ነገር የለም፣ በረሃ ነው። ካሊኮ ስትደርሱ ግን ተራራው ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ እየሆነ ይቀበላችኋል።

ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1881 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሲልቨር ኪንግ የሚባለው የብር ማዕድን ማውጫ ሲገኝ ሰው ጎረፈ፣ 500 ያህል ጉድጓድ ተቆፈረ፣ በ12 ዓመት ውስጥ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ ያለው የብር ማዕድን ከመሬት ወጣ ይባላል። ዛፍ የሌለበት ቦታ ስለሆነ ቤት መስሪያ እንጨት ያጣው ቆፋሪ ሸለቆው ውስጥ ድንጋዩን ቦርቡሮ፣ ፊቱን በካብ ዘግቶ ይኖር ነበር። ዶርሲ የሚባል ውሻም ነበራቸው፣ ቦርሳ ጀርባው ላይ ታስሮለት ቢስማርክ ወደሚባለው ካምፕ ብቻውን ፖስታ የሚያደርስ። ታሪኩን ሳነብ ደስ ብሎኝ ቆሜ ቀረሁ።

እኔን የከነከነኝ አወዳደቋ ነው። ብዙ ሰው ማዕድኑ አልቆ የተዘጋች ይመስለዋል፣ ብሩ ግን አላለቀም፣ ያለቀው ዋጋው ነው። በ1890 መንግስት በየወሩ 4.5 ሚሊዮን አውንስ ብር እንዲገዛ ህግ ወጥቶ ነበር፣ 1893 ላይ ኢኮኖሚው ሲንኮታኮት ህጉ ተሻረ፣ ከዶላር በላይ የነበረው አውንስ ወደ 60 ሳንቲም አካባቢ ወረደና መቆፈሩ ወጪውን መሸፈን አቃተው። ዋሽንግተን ላይ በተወሰነ ነገር እዚህ በረሃ ያለ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ ማለት ነው። በ1898 ፖስታ ቤቱ ተዘጋ፣ አቅራቢያዋ የሚወጣው ቦራክስ የሚባል ነጭ ማዕድን ትንሽ ቢያቆያትም 1907 ላይ እሱም አበቃ።

ያናደደኝ አንድ ነገር አለ። ኖትስ ቤሪ ፋርም የሚባለውን የካሊፎርኒያ መዝናኛ ፓርክ የመሰረተው ዋልተር ኖት በ1951 ከተማዋን ገዝቶ አደሳት፣ በ1966 ለሳን በርናርዲኖ ካውንቲ ሰጣት፣ ተመስገን ነው፣ ግን የድሮውና አዲስ የተሰራው ቤት ጎን ለጎን ቆሞ ለእንግዳ ሰው አይለይም። የለየልኝ አንድ ሽማግሌ ጎብኚ ነው። ሳልጠይቃቸው ጠርተውኝ የሉሲ ሌንን ቤት ግድግዳ አሳዩኝ፣ ጠጋ ብዬ ሳየው እኛ ሀገር እንዳለው የጭቃ ቤት ጭዱ ከጭቃው መሀል ብቅ ብሏል። ሉሲ በልጅነቷ በደጉ ዘመን መጥታ፣ ሁሉም ከለቀቀ በኋላ ከባሏ ጋር ተመልሳ እዚሁ እስከ 1960ዎቹ የኖረች ሴት ናት። ከሱቆቹና ከባቡሩ ሁሉ ያቺን ቤት እመርጣለሁ።

የምትሄዱ ከሆነ ከሀይዌዩ ጎስት ታውን ሮድ በሚለው ውጡ፣ ውሃ ያዙ፣ በጠዋት ድረሱ፣ ማጊ ማይን የሚባለውን ዋሻ ደግሞ ሙቀቱ ሲበረታ ግቡበት፣ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው።