ሪፕሊኬሽን የባክአፕን ቦታ አይሸፍንም፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ሰርቨሮች

ሰርቨሩ ላይ ሁለት ዲስክ በሬይድ (አንዱን ዳታ ሁለቱም ዲስክ ላይ እኩል በሚጽፍ አሠራር) አጣምሮ «ባክአፕ አለን» የሚል ድርጅት ብዙ ነው። ሬይድ አንዱ ዲስክ ሲበላሽ ሥራ እንዳይቆም ያደርጋል እንጂ በስህተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ዲስክ እኩል ይጠፋል። ሪፕሊኬሽንም፣ ማለትም የአንዱን ሰርቨር ለውጥ በየጊዜው ሌላ ቦታ ወዳለ ሰርቨር መገልበጥ፣ እንዲሁ ነው። ቫይረስ ደሴ ላይ የቆለፈውን ዳታ ኮምቦልቻ ላለው ሰርቨር በታማኝነት ያስተላልፋል። ወደ ትናንት፣ ወደ ባለፈው ሳምንት የሚመልሰው ባክአፕ ብቻ ነው።

500 ጊጋባይት ዳታ ያለውና በቀን 10 ጊጋባይት የሚለወጥበት ሰርቨር እንውሰድ። በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ቅጂ ይወሰዳል፤ በቀሩት ስድስት ቀናት የተለወጡት ብሎኮች (የዳታ ቁርጥራጮች) ብቻ ይቀዳሉ። የአራት ሳምንት ቅጂ ለማቆየት 2,240 ጊጋባይት ይበቃል ይመስላል፤ ነገር ግን አሮጌው የሚሰረዘው አዲሱ ሙሉ ቅጂ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ለአምስተኛው ሙሉ ቅጂም ቦታ ያስፈልጋል። ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ይግዙ። የዕለት ቅጂዎቹ ሰንሰለት ናቸው፤ የማክሰኞው ከተበላሸ ከረቡዕ ጀምሮ ያለው አይከፈትም። ሙሉ ቅጂውን ወደ ወር ማራዘም የማልመክረው ለዚህ ነው።

ዳታቤዝ እየሠራ ፋይሉን እንዲሁ መቅዳት ግማሹ የቆየ፣ ግማሹ አዲስ የሆነ የማይነሳ ቅጂ ይሰጣል። በዳታቤዙ በራሱ መሣሪያ ማውጣት፣ ወይም ስናፕሾት (የዲስኩን የአንድ ቅጽበት ምስል) ወስዶ ከዚያ መቅዳት ነው። ሊኑክስ ላይ የዲስክ ቦታን በሚያስተዳድረው ኤልቪኤም የሚወሰድ የተለመደው ስናፕሾት የተመደበለት ቦታ ከሞላ ዋጋ ያጣል፤ ስለዚህ ቅጂው እንዳለቀ ወዲያው ይሰረዝ።

ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ መዘግየቱ ችግር አይደለም። ችግሩ የመስመርና የመብራት መቆራረጥ ነው። በተመሳሳይ ቅጽበት ሁለቱም ቦታ ካልተጻፈ «ተቀምጧል» የማይል ሪፕሊኬሽን መስመር በተቋረጠ ቁጥር በሰርቨሩ የሚሠራውን ገንዘብ ተቀባይ ያስቆማል፤ ወይም ቅጂውን ትቶ ብቻውን ይቀጥላል። ለእኛ አካባቢ የሚሻለው ደቂቃዎች ወይም ሰዓታት ዘግይቶ የሚከተለው ዓይነት ነው።

ሂሳቡን አስቀድመው ይሥሩ። በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሚያሳልፍ መስመር ቢበዛ በሰዓት 4.5 ጊጋባይት ይልካል፤ መታየት ያለበትም የማውረጃው ሳይሆን የመጫኛው ፍጥነት ነው። 500 ጊጋባይቱን በዚህ መላክ ከአራት ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል። በውጫዊ ዲስክ ግን በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢቀዳ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባነሰ ያልቃል። የመጀመሪያው ቅጂ ስለዚህ በመኪና ይውረድ፣ ከዚያ በኋላ ለውጡ ብቻ በመስመር ይሂድ። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ባሉት ሰባት ሰዓታት በወረቀት 31 ጊጋባይት ያልፋል፤ መቆራረጡን አስበው 20 ብቻ ይቁጠሩ። የቀኑ ለውጥ ከዚህ ከበለጠ ውዝፉ በየሌሊቱ ይከመራል።

መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ሰርቨሩን ብቻ ሳይሆን የኔትወርክ መሣሪያዎቹን፣ ስዊቹንና ራውተሩንም ይያዝ። ባትሪው ሲዳከም ሰርቨሩን በሥርዓት የሚያጠፋው የዩኤስቢ ገመድም ይሰካ፤ ብዙ ቦታ ካርቶን ውስጥ ነው የሚቀረው። ባክአፕ የሚያስቀምጠው ማሽን ደግሞ የራሱ የይለፍ ቃል ይኑረው፣ ዳታውንም እሱ ይሳብ። ሰርቨሩ ወደ እሱ መጻፍ ከቻለ፣ ሰርቨሩን የያዘ ሰው ቅጂዎቹንም ይሰርዛል።

ኮምቦልቻ ያለው ቅጂ ደሴ ላይ እሳት ቢነሳ ይበቃል። በጥቅምት 2014 ግን ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች በአንድ ሰሞን ደረሰባቸው። ሦስተኛ ቅጂ በተመሰጠረ ዲስክ ከመስመር ተነቅሎ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ይቀመጥ፣ በየወሩም ይለወጥ። ቁልፉ ከዲስኩ ጋር በአንድ ቦርሳ አይሂድ።

በየሦስት ወሩ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሙሉውን መልሰው ያንሱትና ሰዓቱን ይመዝግቡ። የዳታቤዙ የመጨረሻ ደረሰኝ ቁጥር ከሚጠበቀው ጋር ይመሳከር፤ ፋይሉ መኖሩ ብቻ ምንም አያረጋግጥም። እውነተኛው ቀን ሲመጣም ከኮምቦልቻ በመስመር ለመሳብ አይሞክሩ፤ ዲስኩን ነቅሎ ይዞ የሚመጣ ሰው ይላኩ።