ከጠላት ወገን ያለውን ወጣት መጻፍ፦ ልብ ወለዴ እዚህ ደርሷል

ታሪኩ በጣሊያን ወረራ ዘመን የሚካሄድ ነው። ሐሳቡን ስጀምር አንድ ጣሊያናዊ መኮንንና የአርበኛ ልጅ ነበሩ የሚዋደዱት። ሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው የፋሺስት ሕግ፣ ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ያዝዛል። ለደራሲ ይሄ የተዘጋጀ እንቅፋት ነው።

ምዕራፎቹ እየገፉ ሲሄዱ ግን የከበደኝ ሌላ ነገር ሆነ። የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ገና ወራት እንኳ ሳይሞላው፣ ጠብመንጃ የያዘ ወራሪ በሯን ሲያንኳኳ ልጅቷ «አልፈልግም» ልትለው ትችላለች? እምቢ ማለት የማትችል ሴት እሺ ብትል፣ ያንን ፍቅር ብዬ ለመጻፍ እጄ አልታዘዘም።

ልጁን ኤርትራዊ አስካሪ፣ ማለትም በጣሊያን ጦር ውስጥ ያለ የቅኝ ግዛት ወታደር አደረግኩት። ሕጉ እሱን አይነካውም፤ እሱም ተገዢ ነዋ። ጣሊያኖች ለኤርትራ ተወላጆች ከአራተኛ ክፍል በላይ ትምህርት አይፈቅዱም ነበር፤ የእኔ ልጅ ያቺን ጨርሶ ነው የአስካሪዎቹን ቆብ፣ ታርቡሽ ያጠለቀው። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የሀገሩ ልጆች ናቸው፤ አብርሃ እንዲያውም ለጣሊያኖች አስተርጓሚ ነበር። ከነመሣሪያቸው ከድተው ወደ አርበኞች የገቡ አስካሪዎችም ነበሩ። ወገን የሚባለው ነገር እንዲህ ሲደበላለቅ ነው ታሪኩ ነፍስ የዘራልኝ።

ልጅቷ ውስጥ አርበኛ ናት፤ ከከተማ ወሬና ጥይት ወደ ጫካ ታሻግራለች። በጣም የደከምኩበት ትዕይንት ልጁን ጥይት የምትለምንበት ነው።

«ማነው የላከሽ?» ይላታል።

«ውሃ ጠማኝ ብልህም ማን ላከሽ ትለኛለህ?»

ከወገቡ አንዲት ጥይት ፈትቶ ይሰጣታል። ተቀብላ ከፈተለችው ጥጥ ሥር ትሸጉጣታለች። «አንድ ብቻ?»

እዚህ ላይ የልቧን ስሜት የሚናገሩትን ዓረፍተ ነገሮች በሙሉ ሰረዝኳቸው። ትወደዋለች ወይስ ሥራዋን እየሠራች ነው? ሁለቱም እውነት ነው፤ አንባቢም እንደ ልጁ ይጨነቅ። ሌላው የተጠነቀቅኩበት አማርኛው ነው። ትግርኛ አፉን የፈታበት ልጅ ስለሆነ አጫጭር ዓረፍተ ነገር ሰጠሁት እንጂ ቃላቱን አላጣመምኩም። ተሰባብሮ የሚናገር አፍቃሪ መሳቂያ ይሆናል፤ ይሄ ልጅ ደግሞ ክብር ይገባዋል።

አሁን የያዝኩት የሚከዳበትን ምዕራፍ ነው። ለእሷ ብሎ ብቻ ከከዳ ጦርነቱ የፍቅራቸው መጋረጃ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ውሳኔውን ወደ ፊት አምጥቼዋለሁ፦ የሚያውቀው መንደር ሲቃጠል ቆሞ ይጠብቅ ዘንድ ታዝዞ፣ በዚያው ሌሊት ይጠፋል። ልጅቷ የምትሰማው በማግስቱ፣ ከሰው አፍ ነው።