ከጂቡቲው ዶራሌ ወደብ እስከ ሞጆ፦ ኮንቴይነር የት ይቆማል?

ዕቃ ሲዘገይ ሁሉም በመርከቡ ያመካኛል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጣጣው ወረቀቱ ላይ ነው።

በመልቲሞዳል (አንድ አጓጓዥ የባሕሩንም የየብሱንም ጉዞ ይዞ) የሚመጣ ዕቃ ከተጫነበት ወደብ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ በአንድ ቢል ኦፍ ሎዲንግ (የጭነት ሰነድ፣ ባጭሩ ቢል) ይጓዛል። በዩኒሞዳል ከሆነ የባሕር ሰነዱ ጂቡቲ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ዕቃውን ማስለቀቅና መኪና መፈለግ የአስመጪውና የትራንዚተሩ (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው) ሥራ ነው።

የኮንቴይነር ቁጥር 4 ፊደልና 7 አሃዝ አለው። የመጨረሻዋ አሃዝ ከቀሪዎቹ ተሰልታ የምትገኝ ማረጋገጫ ናት። ቢሉ ላይ 0 በ8 ተተክቶ ከተጻፈ ሰነዱና ዕቃው አይገጣጠሙም፤ እርማቱ እስኪመጣ ነጻ ቀናቱ (ኮንቴይነሩ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚቆይባቸው ቀናት) ያልቃሉ። ስለዚህ መርከቡ ሳይነሳ የቢሉን ረቂቅ አስልኩና ቁጥሩን፣ የኮንቴይነሩን በር ማሸጊያ (seal) ቁጥርና ክብደቱን ከፓኪንግ ሊስቱ (የዕቃው ዝርዝር) ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። አሰልቺ ነው፤ ቢሆንም ከቅጣት ይረክሳል። ዕቃው ከተራገፈ በኋላም ባዶው ኮንቴይነር እስኪመለስ ሰዓቱ ይቆጥራል። ይህን የሚረሳው ብዙ ነው።

መኪናው ወይ በጋላፊ በአፋር በኩል፣ ወይ በደወሌ በድሬዳዋ በኩል ይገባል። የአዲስ አበባ–ጂቡቲ ባቡር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በ25 ኪሎ ቮልት ኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ሐዲድ ላይ የወጣ ግመልም ያስቆመዋል።

ጂቡቲ የባሕር ሥር የኢንተርኔት ኬብሎችም መውጫ ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ቀይ ባሕር ውስጥ በርካታ ኬብሎች ተቆርጠው ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስካን የተደረገ ሰነድ መላክም ያዳግታል፤ ፋይሉን አሳንሳችሁ ቀደም ብላችሁ ላኩ።