ለ1967ቷ ቮልሴ ዕቃ ሳፈላልግ

ካርቡሬተሩን፣ ያ ነዳጅና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠውን ዕቃ፣ በግራ እጄ ይዤ በቀኝ እጄ ዘንጉን ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቅኩት። ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ይህ ዘንግ አየር የምትከፍተውና የምትዘጋው ክብ ሳህን የተገጠመችበት ነው። መዞር እንጂ መነቃነቅ የለበትም። የእኔው ግን ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ይላወሳል። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ለምን እንደሚዋዥቅ፣ መብራት ሲይዘኝ ሞተሩ ለምን ድንገት ጭጭ እንደሚል ያኔ ገባኝ። ዘንጉ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሰፍቷል፤ በዚያ በኩል ትርፍ አየር ይገባል። እዚህ ከደረሰ በኋላ ካንዴላ ቢቀየር፣ ብሎን ቢጠብቅ ለውጥ የለውም።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል ቮልስ ናት፤ ለአሜሪካ ገበያ ከተሠሩት አንዷ። ካርቡሬተሯ ሶሌክስ 30 ፒክት-1 ይባላል። መጀመሪያ ብዙም አልጨነቀኝም። ቮልስ እኮ እ.ኤ.አ. በ2003 የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው ፑኤብላ ፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ይህን ያህል ለተመረተ መኪና ካርቡሬተር ይጠፋል ብሎ ማን ያስባል?

ያልገባኝ ነገር ነበር። መልኳ ብዙም ባይለወጥም ውስጧ በየዓመቱ ሲቀያየር ኖሯል። የ1967ቷ ደግሞ ለብቻዋ ናት። ባለ 1500 ሲሲ ሞተርና የ12 ቮልት ኤሌክትሪክ ገብቶላታል፤ ፓራውልቷ ግን ያው የድሮው ቀጭኑ ነው። የሞተር ክዳኗ የተሠራው ለዚያ አንድ ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ የቮልስ ዕቃ ሞልቶ እያለ የእሷ ዕቃ ይጠፋል።

ያሳለፍኩትን ወራት መልሼ ሳስብ፣ የተቃጠልኩት ዕቃ ስላልነበረ ሳይሆን የምፈልገውን በትክክል ስላላወቅኩ ነው። አንድ ቀን የኋላ ወንበሯን አንስቼ ቁጭ አልኩ። የሻንሲ ቁጥሩ እዚያ ሥር መሀል ለመሀል በሚያልፈው ቦይ ጀርባ ላይ ተመቷል። በ117 ይጀምራል። 11 የመኪናው ዓይነት ነው፤ 7 ደግሞ የ1967 ሞዴል መሆኗን ይናገራል። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሬ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ያለውን ቅባት በጨርቅ ጠረግኩ። የሞተሩ ቁጥር "ኤች" በምትለው ፊደል ይጀምራል። ይህ የዚያ ዘመን 1500 ሞተር ምልክት ነው። ሞተሯ የራሷ ዓይነት መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። በጣም ደስ አለኝ።

ቀጥሎ የመለዋወጫ ቁጥሮችን ማንበብ ተማርኩ። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይህ ነው። የቮልስዋገን ዕቃ በዚያ ዘመን ባለ ዘጠኝ አሃዝ ቁጥር አለው፤ ሦስት ሦስት እየተደረገ ይነበባል። ለምሳሌ 113 905 ብሎ ከጀመረ፣ 113 የቮልሷ ነው፤ 9 የኤሌክትሪክ ክፍል ነው፤ 905 ላይ የማቀጣጠያው ዕቃ፣ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ጭምር ይገኛል። መጨረሻ ላይ ፊደል ካለ ዕቃው በኋላ ተሻሽሏል ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች የሚናገሩት ግን ዕቃው መጀመሪያ ለየትኛው መኪና እንደተሠራ ነው። ዛሬ የትኛው መኪና ላይ እንደሚገጠም አይነግሩንም። የሲሊንደሩ ስፋት 83 ሚሊ ሜትር የሆነው 1500 ሞተር በ1961 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በቮልስ ላይ አይደለም፤ ታይፕ 3 በሚባለው የቮልስዋገን መኪና ላይ ነው። በኋላ ለቮልስዋገን ሚኒባስም ገባ። ስለዚህ በ311 (የታይፕ 3) ወይም በ211 (የሚኒባሱ) የሚጀምር ቁጥር ቮልስ ላይ ብታዩ አትደንግጡ። እኔ "የቮልስ" እያልኩ ስፈልግ የከረምኩት ዕቃ "የሚኒባስ" ተብሎ በሌላ መደርደሪያ ተቀምጦ ነበር።

ስሟም በየአገሩ ይለያያል። ጀርመኖች ኬፈር፣ ብራዚሎች ፉስካ፣ ሜክሲኮዎች ቮቾ፣ ጣሊያኖች ማጆሊኖ፣ ፈረንሳዮች ኮክሲኔል ይሏታል። በአንድ ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ከገበያው ቁራሹን ነው የሚያየው። በጀርመንኛ ካርቡሬተር ፌርጋዘር መሆኑን ካወቅኩ በኋላ የማየው ዝርዝር በእጥፍ ጨመረ። ብራዚል ውስጥ ብሮሶል፣ ሜክሲኮ ውስጥ ቦካር የሚባሉ አምራቾች የሶሌክስ ዓይነት ካርቡሬተር ሠርተዋል። ፎርጅድ ናቸው ብሎ መናቅ ልክ አይደለም። ኦሪጅናል የሚፈልግ ሰው ግን ልዩነቱን አውቆ ይግዛ።

እንዲህም ሆኖ ተበልቻለሁ። አንድ ሻጭ በላከልኝ ፎቶ ላይ፣ የነዳጅ ጎድጓዳው ጎን ላይ 30 ፒክት-1 የሚለው ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዓይኔን ሳላሽ ገዛሁ። ዕቃው ሲመጣ የታችኛው አካል የተባለው ነው፤ የላይኛው ክዳን ግን የሌላ ሞዴል ነው። ከሁለት ካርቡሬተር አንድ ተሠርቷል። በዚያ ላይ የቾኩ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየር የሚቀንሰው ክዳን) ማሞቂያ ላይ 6 ቮልት ይላል። ይኸው ካርቡሬተር በ1966ቷ ባለ 1300 ሞተር ላይም ይገጠም ነበር፤ እሷ ደግሞ 6 ቮልት ናት። ሻጩን ደወልኩለት፤ "እኔ ፎቶውን አሳይቼሃለሁ" አለኝና ዘጋው። በጣም ተናደድኩ። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት የምጠይቀው አልተለወጠም። ከሁሉም ጎን ፎቶ፣ ቁጥሩ በቅርበት፣ ቮልቱ የተጻፈበት ቦታ፣ ማስመሪያ አጠገቡ ተደርጎ። ለካርቡሬተር ደግሞ ዘንጉን እየነቀነቁ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ፣ ድምፁ ሳይዘጋ። ዕቃው ደህና የሆነ ሰው ይህን ለመላክ አያቅማማም። "ጊዜ የለኝም" የሚለውን ትቼው አልፋለሁ።

መንገዱን የከፈተልኝ ግን አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ችግሬን ስነግራቸው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሰሙኝና፣

"ልጄ፣ አንተ የምትጠይቀው ኦሪጅናል የሚወዱ ሰዎችን ነው አይደል?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ፣ እነሱ ጋ ነዋ የሚኖረው።"

"እነሱማ መኪናቸው ላይ ገጥመውታል። አውልቆ የጣለውን ሰው ፈልግ።"

እውነታቸውን ነው። ሞተሩን ለማፍጠን ሁለት ዌበር ካርቡሬተር የሚገጥም ሰው መጀመሪያ የሚያወልቀው እኔ የምፈልገውን ነው። አውልቆም አይሸጠውም፤ ካርቶን ውስጥ ከቶ ጠረጴዛ ሥር ይገፋዋል። ስለዚህ የእሽቅድምድም ልብ ያላቸውን የቮልስ ባለቤቶች መጠየቅ ጀመርኩ። አራተኛው ሰው "አንድ ካርቶን ነበረኝ መሰለኝ" አለኝ።

ያንን ካርቶን መቼም አልረሳውም። ጋዜጣው ቢጫ ሆኗል፤ የድሮ ቤንዚን ይሸታል። ከላይ በዘይት የሚሠራው ክብ አየር ማጣሪያ አለ። ሥሩ ካርቡሬተሩ፣ ከነሙሉ ክዳኑ፣ ቾኩ ላይ 12 ቮልት የሚል። ዘንጉን ነቀነቅኩት፤ ፀጥ። ከሁሉ ሥር ያላሰብኩት ነገር ተቀምጧል፦ ጎኑ ላይ የቫኩም (የሞተሩ አየር የመሳብ ኃይል) ጣሳ ያለው የፋብሪካው ዲስትሪቢዩተር።

ስለ ዲስትሪቢዩተሩ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። መኪናዋን ስገዛ የተገጠመላት ቦሽ 009 ነበር፤ ሙሉ ቁጥሩ 0 231 178 009። "ለፍጥነት ነው" ተብሎ የሚገዛ ዕቃ ነው። 009 የእሳቱን ጊዜ የሚያስቀድመው ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር፣ በውስጡ ባሉት ክብደቶች ብቻ ነው። የእኔዋ ሶሌክስ ግን የተሠራችው ከቫኩም ጋር እንድትሠራ ነው። ነዳጅ ሲረገጥ ቫኩሙ ወዲያው ለዲስትሪቢዩተሩ ይነግረዋል። ያ መልእክት ሲጠፋ መኪናዋ ከቆመችበት ስትነሳ አፍታ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ከዚያ ነው የምትሄደው። እኔ ይህን ሁሉ የካርቡሬተሩ ጥፋት አድርጌው ነበር። የፋብሪካውን ዲስትሪቢዩተር ገጥሜ ስነሳ ያ ማንገራገር ጠፋ። 009 ራሱ መጥፎ አይደለም፤ ቦታው አልነበረም።

የድሮው ካርቡሬተሬም አልተጣለም። ቶርኖ ቤት ወስጄው ቀዳዳው ሰፍቶ የነሐስ ቡሽ ገባበት። ዛሬ መኪናዋ ላይ ያለው እሱ ነው፤ ከካርቶኑ የወጣው መጠባበቂያ ሆኗል። ይህን ቀድሜ ባስብ ኖሮ የመጀመሪያውን ግዢ ባላደረግኩት ነበር።

የመካኒኩ ምክር በተገላቢጦሽም ይሠራል። መኪና ለማፍጠን የሚሆን ዕቃ ለማግኘት መኪናቸውን ወደ ፋብሪካው መልክ የሚመልሱ ሰዎችን ጠየቅኩ። የፊት ዲስክ ፍሬን ያገኘሁት ከእነሱ ነው። የካርማን ጊያ (የስፖርት መልክ ያላት የቮልስዋገን መኪና) ዲስክ እንደኔ ያለ፣ ከ1966 ወዲህ የመጣው ባለ ቦል ጆይንት (ኳስ መሰል መገጣጠሚያ) የፊት እግር ላይ ይገባል። እዚህ ላይ ግን መለካት ግድ ነው። የእኔዋ ቸርኬ ባለ አምስት ብሎን ነው፤ የብሎኖቹ ክብ ስፋት 205 ሚሊ ሜትር። ዲስኩ ባለ አራት ብሎን፣ 130 ሚሊ ሜትር ነው። የፊቱን ብቻ ከቀየርኩ ሁለት ዓይነት ጎማ ይዤ ልዞር ነው። ስለዚህ ለኋላው ባለ አራት ብሎን ታምቡሮ (የፍሬን ከበሮ)፣ ያውም የእኔዋን ዓይነት የኋላ አክስል የሚቀበል፣ ማግኘት ነበረብኝ። ያ ብቻውን አራት ወር ወሰደ። የፍሬን ፖምፓውም ለዲስክ የሚሆነው መሆን አለበት። የታምቡሮው ፖምፓ ቱቦው ውስጥ ትንሽ ግፊት ያስቀራል፤ ያ ግፊት ሸራውን ዲስኩ ላይ አስደግፎ ያግለዋል። ፍሬን ላይ "ይሆናል" አይሠራም።

ሞተሩ ላይ ብዙ አልሄድኩም። 83 ሚሊ ሜትሩን ሲሊንደር በ85.5 ቀየርኩት። ከ1493 ሲሲ ወደ 1584 ማለት ነው። ቴስታታውም የሞተሩ አካልም ሳይነካ ይገባል፤ ከውጭ ምንም አይታይም። 87 አስገባ ያሉኝ ነበሩ። እሱም ሳይቦረቦር ይገባል፤ ግን ግድግዳው ስስ ነው፤ በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር ስስ ግድግዳ አይመቸኝም። 90.5 ደግሞ የሞተሩን አካል መቦርቦር ይጠይቃል። የራሷን ሞተር አላስቦረብርም። ፒስተኖቹን ከመግጠሜ በፊት አንድ በአንድ በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኳቸው። በመካከላቸው ከ10 ግራም በላይ ልዩነት መኖር የለበትም።

ካርቶኑ ያልተከፈተ አሮጌ ዕቃ ሲገኝ ልብ ይሰርቃል። እኔም ከነካርቶኑ የፍሬን ቱቦ አግኝቼ ነበር። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ አንድ ቀን ያልተገጠመ። በእጄ ጎንበስ ሳደርገው ጀርባው ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ ስንጥቅጥቅ ብሎ ተከፈተ። ብረት፣ መስታወት፣ የሄላ የመብራት መስታወት በካርቶን ውስጥ ሃምሳ ዓመት ቢቀመጥ ችግር የለም። ጎማ የሆነ ነገር ሁሉ፣ የፍሬን ቱቦ፣ የፖምፓ ጎማ፣ የነዳጅ ፓምፕ ሽፋን፣ አዲስ ምርት ይሁን። ያንን ቱቦ እስካሁን መደርደሪያዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ለሚጠይቀኝ ሰው እሱን ነው የማሳየው።

ያወለቅኳቸውን የራሷን ዕቃዎች፣ ታምቡሮዎቹን፣ አምስቱን ቸርኬዎች፣ ባለ 83ቱን ሲሊንደሮች፣ ቅባት ቀብቼ፣ ከየት እንደወለቁ ጽፌ አስቀምጫለሁ። ቸርኬዎቹ ላይ የተሠሩበት ወርና ዓመት ተመቷል፤ ከመኪናዋ ጋር ይሄዳል። እነሱን አልሸጥም።

አሁን የቀረኝ የሞተር ክዳኑ ነው። ያለው በስቱኮ የተሞላ ነው፤ ማግኔት ሳስጠጋበት ከታች ግማሹ አይዝም። ባለፈው ሳምንት መኪናውን እየበታተነ የሚሸጥ ሰው አንድ ፎቶ ላከልኝ። ቅርጹ ልክ ይመስላል። ማስመሪያ አስጠግቶ፣ ማግኔት ለጥፎ፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ እንዲያነሳልኝ ጠይቄዋለሁ። "እሺ፣ ነገ ጠዋት ብርሃን ሲሆን" ብሎኛል።