አሮጌ ሰንጢ እንዴት እንደሚነበብ

ሰንጢ እንደምሰበስብ የሚሰሙ ወገኖቼ በመጀመሪያ ይደነግጣሉ። አገር ቤት ስሙ ሲነሣ ቶሎ ትዝ የሚለው ኪስ የሚቀድ ሌባና የመንደር ዱርዬ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። እኔ በምኖርበት በቨርጂኒያና በአካባቢዋ ባሉት ግዛቶች ገጠር ግን ታጣፊው ቢላ የገበሬው፣ የከብት አርቢው፣ የአናጢውና የመምህሩ የዘወትር የኪስ ዕቃ ሆኖ ኖሯል፤ ፖም የተላጠበት፣ የድርቆሽ ገመድ የተቆረጠበት፣ እርሳስ የተቀረጸበት፣ በመጨረሻም ከአባት ለልጅ የተላለፈ ዕቃ ነው። ባለቤቱ ሲሞትና ቤቱ ሲሸጥ ወራሾቹ ያልፈለጉት ሁሉ ተሰብስቦ ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ይወጣል፤ ሰንጢውም ከዛጉ ቁልፎች፣ ከብሎኖችና ከተበጠሱ የሰዓት ማሰሪያዎች ጋር ተቀላቅሎ በአንድ የሲጋራ ሣጥን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። እኔ ቅዳሜ ማለዳ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ሣጥን ነው።

ለዚህ ፍለጋ ብዙ ገንዘብ ከመያዝ ይልቅ ማንበብ መቻል ይጠቅማል። አሮጌ ሰንጢ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደተሠራ፣ ለምን ሥራ እንደታሰበና በባለቤቱ እጅ እንዴት እንደኖረ በራሱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ይህን ጽሑፍ የሚያጠፋው ዝገት ብቻ አይደለም፤ ይበልጡን የሚጠፋው ሻጭ ወይም ገዢ ላሳምረው ብሎ ሲወለውለው ነው። ስለዚህ የጠቆረውን፣ ያገለገለውንና ያልተነካውን ሰንጢ ከሚያብረቀርቀው አስበልጬ እገዛለሁ፤ ምክር ለሚጠይቁኝም የምለው ይህንኑ ነው።

ንባቡ የሚጀምረው ስለቱ ከእጀታው ጋር በሚጋጠምበት ጠፍጣፋ ግርጌ ላይ ነው። ሠሪው ማኅተሙን የሚመታው እዚያ ስለሆነ ሰንጢውን ከፍቼ አስቀድሜ የማየው ያንን ቦታ ነው፤ ለዚህም ትንሽ አጉሊ መነጽርና የእጅ ባትሪ ከኪሴ አይለዩም። በፔንስልቬኒያ፣ በብራድፎርድ ከተማ የሚገኘው ኬዝ የተባለው ፋብሪካ ማኅተሙን በየዘመኑ ስለለዋወጠ ለጀማሪ ጥሩ መምህር ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1940 እስከ 1964 በተሠሩት ላይ ከስሙ ጋር ያሉት ሁለት የኤክስ ፊደላት ብቻ ናቸው። ከ1965 እስከ 1969 ድረስ ዩ ኤስ ኤ የሚለው ተጨመረ። በ1970 ደግሞ ከማኅተሙ ሥር 10 ነጥቦች ተመቱ፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንድ ነጥብ እየተቀነሰ እስከ 1979 ተዘለቀ። ነጥቦቹ ከአሸዋ ቅንጣት እምብዛም ስለማይበልጡ በዓይን ብቻ መቁጠር ያስቸግራል፤ አንዱ ነጥብ በዝገት ከተሸፈነ ደግሞ የአንድ ዓመት ስሕተት ይፈጠራል።

በሸናንዶዋ ሸለቆ ከአንዲት ትንሽ ከተማ የገዛሁት አንድ ሰንጢ ይህን ሁሉ በአንድነት ያሳያል። ሻጩ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ፤ «የአጎቴ ነበረ፤ እርሻ ነበራቸው» ከማለት በቀር ብዙ አልተናገሩም። ግርጌው ላይ 7 ነጥቦች ስላሉ የተሠራው በ1973 ነው። በጀርባው በኩል 6254 የሚል ቁጥር አለ፤ በኬዝ አቆጣጠር የመጀመሪያው አኃዝ የእጀታውን ዓይነት፣ ሁለተኛው የስለቶቹን ብዛት፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ የቅርጹን መለያ ያመለክታሉ። 6 አጥንት፣ 5 የአጋዘን ቀንድ፣ 3 ቢጫ ሰው ሠራሽ እጀታ ነው። ስለዚህ በእጄ ያለው የአጥንት እጀታና ሁለት ስለቶች ያሉት፣ «ትራፐር» ተብሎ የሚጠራው ቅርጽ መሆኑን ማንንም ሳልጠይቅ አወቅሁ።

ከዚያ የባለቤቱ ታሪክ ይመጣል። የአጥንቱ እጀታ እንዲጨበጥ ተብሎ በጥቃቅን ጉድጓዶች የተቦረቦረ ነው፤ በአንደኛው ጎን ጉድጓዶቹ ተልገው አጥንቱ እንደ ወንዝ ጠጠር ለስልሷል፤ በሌላው ጎን ግን ሲቦረቦር እንደነበረው አለ። ሰውዬው ሰንጢውን ሁልጊዜ በአንድ ኪስ፣ በአንድ አቅጣጫ ይይዙት እንደነበረ እገምታለሁ። ሁለቱ ስለቶችም እኩል አላረጁም። ጫፉ የሾለው ስለት በመሳል ብዛት መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ጠብቧል። ክብ ጫፍ ያለው ሁለተኛው ግን ከፋብሪካ የወጣበትን ስፋት ይዞ ቀርቷል። ይህ ሁለተኛው ስለት የታሰበው ከብት ለማኮላሸት ነው፤ ጫፉ ያልሾለው እንስሳው ሲንፈራገጥ ያልታሰበውን ቦታ እንዳይወጋ ነው። የአጎትየው እርሻ የእህል ይሆን፣ ወይም ለዚያ ሥራ ሌላ ቢላ ይኖራቸው እንደሆነ ማወቅ አልችልም፤ ነገር ግን የትኛውን ስለት በየቀኑ እንደከፈቱ አውቃለሁ፤ ይህን ሻጩም አላወቁም ነበር።

እያንዳንዱ የስለት ቅርጽ እንዲህ ያለ ምክንያት አለው። «ስቶክማን» የሚባለው የከብት አርቢዎች ሰንጢ ሦስት ስለቶች ሲኖሩት አንደኛው ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ጀርባው ወደ ጫፉ የጎበጠ ነው፤ እርሱ ኮቴ ለመከርከም ይመቻል። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን በትንንሾቹ የቢሮ ሰንጢዎች ላይ ያለው አጭርና ቀጭን ስለት ነው። በእኛ አገር ቁም ጸሐፊ ብርዑን ከመቃ ቆርጦ፣ አፉን በትንሽ ቢላ ቀርጾና ሰንጥቆ ለጽሕፈት እንደሚያዘጋጀው ሁሉ፣ አውሮፓና አሜሪካም በዝይ ላባ በሚጻፍበት ዘመን ጸሐፊው ያለዚህ ስለት መጻፍ አይችልም ነበር። የብረት ብርዕ መጥቶ ላባው ከቀረ በኋላም ሠሪዎቹ ትንሹን ስለት አልተዉትም፤ እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራል።

በማኅተሙ ላይ የአገር ስም መኖር አለመኖሩም ዘመንን ይጠቁማል። የማኪንሊ የቀረጥ ሕግ በ1890 ከወጣ በኋላ፣ ከ1891 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት ግዴታ ሆነ። ስለዚህ በቢላ ሥራ የታወቀችው የእንግሊዝ ከተማ የሼፊልድ ሠሪ ስም እያለበት «ኢንግላንድ» የሚለው የሌለበት ሰንጢ ሲገኝ ከዚያ በፊት የመጣ ሊሆን ይችላል ተብሎ ይገመታል። ይህ ግን በራሱ ማስረጃ አይሆንም፤ እንግሊዝ ውስጥ ለመሸጥ የተሠራውን ሰንጢ የአሜሪካ ሕግ አያስገድደውም፤ ስደተኛ በኪሱ ይዞት የመጣውንም እንዲሁ። ጆሴፍ ሮጀርስና ልጆቹ የተባለው ታዋቂ የሼፊልድ ቤት ከኮከብና ከማልታ መስቀል ምልክቱ ጋር ዘውድና የንጉሡን ወይም የንግሥቲቱን ስም መነሻ ፊደል ይመታ ስለነበር፣ ቪ እና አር የተባሉትን ፊደላት የያዘው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ማለትም ከ1837 እስከ 1901 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። ሌላው የሼፊልድ ባለ ስም ጆርጅ ዎስተንሆልም ገበያው በአብዛኛው አሜሪካ ስለነበረ ፋብሪካውን «ዋሽንግተን ዎርክስ» ብሎ ሰይሞታል፤ የእርሱ ሰንጢዎች ከእንግሊዝ ርቀው በዚህ አገር ሣጥኖች ውስጥ የሚገኙትም ለዚህ ነው። ከጀርመን የሚመጡት ላይ ደግሞ «ዞሊንገን» የሚለው የከተማ ስም ይታያል፤ ይህን ስም በዚያ አካባቢ ካልተሠራ ዕቃ ላይ መጻፍ በ1938 በሕግ ተከልክሏል።

አሁን ወደ መወልወል ልመለስ፤ ብዙ ጥሩ ሰንጢ ሲበላሽ ያየሁት በዚህ ነውና። የአሮጌ ሰንጢ ስለት በአብዛኛው ዝገትን የማይቋቋም የካርቦን ብረት ስለሆነ ሥጋና ፍራፍሬ ሲነካ፣ የእጅ ላብ ሲያርፍበት ቀስ በቀስ ግራጫ ይሆናል። ይህ ግራጫ ቀለም ጉዳት አይደለም፤ ብረቱን እንደ ቀጭን ልብስ ሸፍኖ ከቀዩ ዝገት በመጠኑ ይጠብቀዋል። ሻጩ በሚሽከረከር ማሽን ሲወለውለው ግራጫው ብቻ ተነሥቶ አይቀርም፤ የማኅተሙ ፊደላት ይደበዝዛሉ፣ ስለቱን ለመክፈት የተሠራው የጥፍር ማስገቢያ ጠርዝ ይደነዝዛል፣ ቀጥ ብለው የነበሩት ማዕዘኖች ይዞራሉ። ስለዚህ የሚያብረቀርቅ አሮጌ ሰንጢ ሳይ አስቀድሜ የጥፍር ማስገቢያውን እመለከታለሁ፤ ጠርዙ ስል ካልሆነ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ስለቱ ሲታጠፍ ጫፉ ከእጀታው በላይ ብቅ ካለም ጫፉ ተሰብሮ እንደገና የተሞረደ ሊሆን ይችላል። ሞላው ሲከፈትም ሲዘጋም ጠንካራ የ«ቃ» ድምፅ ሊሰጥ ይገባል፤ ስለቱ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ሚስማሩ ላልቷል፤ እርሱን ማጥበቅ የባለሙያ ሥራ ነው።

ስለ እጀታዎች ሁለት ነገር ማለት አለብኝ። የመጀመሪያው ሴሉሎይድ የሚባለው የቀድሞ ዘመን ፕላስቲክ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ብዙ ያማሩ፣ እንደ ዕንቁ የሚያበሩ እጀታዎች ከዚህ ነገር ተሠርተዋል፤ በአውራ ጣት ሲታሸ ቪክስን የሚያስታውስ የካምፎር ሽታ ይሰጣል። ሴሉሎይድ ሲያረጅ እየፈረሰ የሚያወጣው አሲዳም ትነት የራሱን ስለት ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያሉትን ሰንጢዎች ጭምር ያዝጋል፤ ስለዚህ ስለቱ ሌላው ንጹሕ ሆኖ በእጀታው አጠገብ ብቻ ክፉኛ የተበላ ከሆነ አይገዛም፤ የተገዛም ለብቻው ይቀመጣል። ሁለተኛው የዝሆን ጥርስ ነው። የሼፊልድ ቤቶች ውድ ሰንጢዎቻቸውን በዝሆን ጥርስ ያለብሱ ነበር፤ ብዙውም ከአፍሪካ የተጫነ ነው። አሜሪካ በ2016 የአፍሪካ ዝሆን ጥርስን ንግድ ለጥቂት ነገሮች ብቻ በር ትታ ዘግታዋለች፤ ከ100 ዓመት በላይ የቆየ መሆኑ የተረጋገጠለት ዕቃ ከተፈቀዱት አንዱ ነው። ቢፈቀድም እኔ አልገዛም። ሕጉን ሳልቆጥር፣ የአህጉሬ ዝሆን በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ያለቀበትን ንግድ በገንዘቤ ማስቀጠል አልፈልግም። አጥንት፣ ቀንድና እንጨት ይበቁኛል።

የት ይፈለግ ለሚለው፣ በዋሽንግተን በዊስኮንሲን ጎዳና እሑድ የሚቆመው የጆርጅታውን ገበያ ለቤት ጌጥ እንጂ ለሰንጢ ብዙ አይመችም፤ ከቅዳሴ በኋላ ለመንሸራሸር ግን ደስ ይላል። ትልቁ ገበያ በማሳቹሴትስ ብሪምፊልድ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በግንቦት፣ በሐምሌና በመስከረም ገደማ፣ በመንገድ ዳር ባሉ ሜዳዎች ላይ የሚዘረጋው ነው። የአንቲክ መደብሮች ጠባይ ግን ሌላ ነው። ዕቃው የብዙ ሻጮች ሆኖ በተቆለፈ መስተዋት ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ሠራተኛ ጠርቶ ማስከፈት ያስፈልጋል፤ አፍሮ ሳይከፍቱ መግዛት ትልቅ ጥፋት ነው። ዋጋ ማስቀነስም ነውር የለውም፤ ሠራተኛው ለባለቤቱ ስልክ ደውሎ መልሱን ያመጣል። ሜዳ ላይ የሚሸጠው ሰው ግን ዕቃው የማን እንደነበረ ሊነግር ስለሚችል እኔ ሜዳውን እመርጣለሁ።

ፎርጅዱም ብዙ ነው። ሬሚንግተን የተባለው የጠመንጃ ፋብሪካ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1920 ሰንጢ ወደ መሥራት ዞሮ በ1940 እስኪያቆም ድረስ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ የሚፈለጉትን፣ በእጀታቸው ላይ ትንሽ የጥይት ቅርጽ የተለጠፈባቸውን ሰንጢዎች ሠራ። ዋጋቸው ከፍ ስላለ የሌላ ሰንጢ ማኅተም ሞርደው የሬሚንግተንን የሚመቱ፣ ከሁለት የተሰበሩ ሰንጢዎች አንድ የሚገጣጥሙ ሰዎች አሉ። ከ1982 ጀምሮም ያው ቅርጽ በሕጋዊ መንገድ እንደገና ተሠርቷል፤ ይህ ፎርጅድ ባይሆንም እንደ ጥንታዊ ሲሸጥ ገጥሞኛል። መከላከያው ሁለቱን ስለቶች ጎን ለጎን ማየት ነው፤ የብረቱ ቀለምና የእርጅናቸው መጠን ካልተመሳሰለ፣ ግርጌው ከቀረው ስለት ይልቅ ከሳሳ፣ ወይም የማኅተሙ ፊደላት ከሰንጢው ይልቅ አዲስ ከሆኑ መተው ይሻላል።

ቤት ሲገባ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። መገጣጠሚያው ውስጥ የተጠራቀመውን የኪስ ብናኝ በጥርስ እንጨት አወጣለሁ፣ ቀይ ዝገት ካለ በማዕድን ዘይትና በነሐስ ጠፍጣፋ ቀስ ብዬ ፍቄ አነሣለሁ፤ ግራጫውን አልነካም። የምግብ ዘይት ውሎ አድሮ ስለሚጣበቅ አልጠቀምም። ቆዳ ሲለፋ የገባበት ጨውና አሲድ ብረት ስለሚበላ በቆዳ ማኅደር ውስጥም አላስቀምጥም፤ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል። ከእናንተ መካከል አባቱ ወይም አያቱ ከውጭ ያመጡት አሮጌ ሰንጢ ቤቱ ያለ ቢኖር፣ ከመወልወሉ በፊት የግርጌውን ማኅተም በጎን ብርሃን ፎቶ አንሥቶ ይላክልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።